አራት ክንድ ፊልም

ከአላፑዛ ማዶ፣ ውሃው ከመንገዱ በሚበዛበት፣
የኮኮናት ገመድ መጋዘኑ ማታ ሥራ ሲፈታበት፣
ማሽኔን ተክዬ፣ አንሶላ ሰቅዬ፣ ወንበር እደረድራለሁ፤
በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ፊልም አሳያለሁ።
ኩንጃፓን እባላለሁ። ሐሳብ አልሰነዝርም፤
ሥራዬ መብራት ማጥፋት ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልናገርም።

ያን ዕለት የታየው ጥቁርና ነጭ ነበረ፤
አንድ ጀልበኛ አለ፣ ከወንድሙ በመሬት የተቃቃረ።
ጎርፍ በመጣ ሌሊት ወንድምየው ከማዶ ተጣራ፤
ጀልበኛው ነቃ፣ ቁጭ አለ፣ ኩራዙን አበራ።
ከዚያ ኩራዙ ጠፋ። ከዚያ ነጋ።
ከማዶ ሰው የለም፤ ውሃው ተዘርግቷል እንደ አልጋ።

መብራት አበራሁ። ክርክሩ ተጀመረ፤
መምህር ዋሪየር መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ተናገረ፦
«ልብ በሉ፣ ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ነው የዘለለው፤
ከኩራዙ እስከ ንጋቱ ያለው ጨለማ የስግብግብ ህሊና ነው።
አላሳየንም። ፍርዱን ለእኛ ነው የተወው።
የፊልሙ ጭብጥ ያ ዝምታ ነው!»

እኔን ከማሽኑ ኋላ ላብ አሰመጠኝ።
ከሦስት ሳምንት በፊት ስሞክረው፣ ማሽኑ ነክሶ በጠሰብኝ፤
አራት ክንድ ያህል ጠርዙ ነዶ፣ ቆርጬ አወጣሁ፣
ጫፍና ጫፉን አጣብቄ፣ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።
ቁራጩ በትንባሆ ቆርቆሮ ኪሴ ውስጥ ነው ያደረ፤
መምህሩ የሚያደንቀው ዝምታ የእኔ መቀስ ነበረ።

ሐምዛ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ፣ ጣልቃ ገባ፦
«ምን ስግብግብ! ፈሪ ነው እንጂ፣ ጎርፍ አይቶ የባባ፤
እኔም ብሆን አልነሳም።» ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም።
(ታናሹ በመርከብ ሄዶ፣ የት እንዳለ እስካሁን አልታወቀም።)

ኮሌጅ የጀመረችው ሮሳማ ደብተሯን ገልጣ፣
«ወንዙ ጊዜ ነው፣ ጀልባዋ ማኅፀን፣ መቅዘፊያው ሥልጣን»
ብላ አነበበች፣ ፈጥና፣ በራሷ ድምፅ ደንግጣ።
ሁሉም ነገር ሌላ ነገር ሆነ፤ እንደራሱ የቀረ የለ፤
ውሃ እንኳ ውሃ መሆን ተከለከለ።

ያኔ ከኋላ፣ ከገመዱ ክምር ሥር፣ ዴቫያኒ ተነሳች።
እዚያው ስትፈትል ውላ፣ እዚያው ነው የምታመሽ፤ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።
«እናትየዋን አይታችኋል?» አለች።
«የቷን እናት?» አለ መምህሩ፤ ትዝ አላለችውም።
«ጠዋት በር ላይ የቆመችውን። ሁለቴ ታየች፣ አፏን አልከፈተችም።
ሽርጧ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል። ትከሻዋ ግን ደረቅ ነው።
ዝናብ ከላይ ነው የሚያረጥብ፤ እሷን ከታች ነው የነካት ውሃው።
ሌሊት ወንዝ ወርዳለች። መቅዘፊያውን የወሰደችው እሷ ነች፤
አንዱን ወንዙ ይዞታል፤ ሌላውን ከቤት አስቀረች።
ስለ መሬት አይደለም።» ተቀመጠች።

ጣሪያውን ዝናብ ብቻ ደበደበው።
«ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ትዕይንት የለም» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ግን ሳሳ።
እጄ ኪሴ ገባ፤
ያቺ የትንባሆ ቆርቆሮ ከበደችኝ እንደ ሬሳ።

ሰው ሲወጣ ጠራኋት። አምፖሉ ሥር ዘረጋሁት።
ገመድ እንደምትፈትን፣ ጫፍና ጫፉን በጣቶቿ ወጥራ አየችው።
እዚያ ነበረች አሮጊቷ፤ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ፣
መቅዘፊያውን እንደ ሕፃን አቅፋ፣
ከምስል ወደ ምስል በጥቂቱ እየራቀች፣
መጨረሻው ላይ ግማሽ ፊቷ በቃጠሎው ጠፋ።

ዴቫያኒ ብዙ ቆየች። «እኔ» አለች፣ «ስታለቅስ ነበር ያሰብኳት።»
አታለቅስም። ፊቷ ላይ ያለውን ምን እንደምለው እኔም አላውቅም፤ ስንቴ አየኋት።
«መልሰህ ትቀጥለዋለህ?»
«ማጣበቂያ አልቋል» አልኳት። ውሸቴን ነው።

የመጨረሻው ጀልባ ፊሽካ ሲነፋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች፤
ደረጃውን ውሃ ውጦት ነበር፤
ሽርጧን ሳትሰበስብ ገባች።